በቀን 100 ኪሎ ሜትር ለሚነዳ ሰው የትኛዋ መኪና ትሻላለች?

ባለፈው ሳምንት የታናሽ እህቴ ባል ደወለልኝ። አዲስ ሥራ አግኝቷል። ሥራው ጥሩ ነው፣ ቦታው ግን ሩቅ ነው። ደርሶ መልስ 100 ኪሎ ሜትር። «ጋሼ፣ ነዳጅ የማትጠጣ መኪና ጠቁመኝ» አለኝ። እኔ ከዚህ በማያንስ መንገድ 8 ዓመት ተመላልሻለሁ፤ ሦስት መኪናም ቀያይሬበታለሁ። ስለዚህ መልሱ በአንድ ስልክ የሚያልቅ አልሆነም። ለእሱ የነገርኩትን እዚህ ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው። ይኸው ጥያቄ ያለበት ሰው ብዙ እንደሆነ አውቃለሁ።

መጀመሪያ የጠየቅኩት ስለ መኪና አልነበረም። «መንገዱ ምን ዓይነት ነው? የምትቆምበት ይበዛል ወይስ የምትነዳበት?» አልኩት። አብዛኛው ሰው ይህን ሳይጠይቅ ነው የመኪና ስም መጥራት የሚጀምረው። 100 ኪሎ ሜትር ሙሉውን በክፍት መንገድ ሲሆንና ግማሹ በመጨናነቅ ውስጥ ሲሆን የሚመረጠው መኪና አንድ አይደለም።

ልዩነቱን በቁጥር ላሳያችሁ። የ2020 ኮሮላን እንውሰድ። አንዷ ባለ 1.8 የቤንዚን፣ ሌላዋ ሃይብሪድ፣ ማለትም በቤንዚንም በኤሌክትሪክም የምትሠራ። በአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ልኬት መሠረት ቤንዚኗ ከተማ ውስጥ በ100 ኪሎ ሜትር 7.8 ሊትር ገደማ ትፈጃለች። ሃይብሪዷ 4.4። በክፍት መንገድ ግን ቤንዚኗ ወደ 6.2 ትወርዳለች፣ ሃይብሪዷ 4.5 ላይ ትቆያለች። እንግዲህ አስሉት። በቀን 100 ኪሎ ሜትር፣ በዓመት 250 የሥራ ቀን ቢባል 25,000 ኪሎ ሜትር ነው። ሙሉ በሙሉ መጨናነቅ ውስጥ የሚነዳ ሰው በሃይብሪዷ በዓመት 850 ሊትር ያተርፋል። ክፍት መንገድ ላይ የሚነዳው 425 ሊትር። መኪናው አንድ፣ ርቀቱ አንድ፣ ትርፉ ግን ግማሽ በግማሽ ይለያያል። ሊትሩን እናንተ በምትገዙበት ዋጋ አባዙትና ሃይብሪዷ ከቤንዚኗ ከምትበልጥበት ዋጋ ጋር አስተያዩት። ስንት ዓመት ላይ ወጪዋን እንደምትመልስ ያኔ ይገባችኋል።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ሃይብሪድ ፍሬን ስትይዙ የኤሌክትሪክ ሞተሯ እንደ ዲናሞ ሆኖ ጉልበቱን ወደ ባትሪ ይመልሰዋል። ሰልፍ ላይ ስትቆሙ የቤንዚን ሞተሩ ይጠፋል። ቀስ እያላችሁ ስትጠጉ በኤሌክትሪክ ብቻ ትሄዳለች። ሌላ መኪና ነዳጅ የሚያባክንበት ቦታ ለእሷ የምታተርፍበት ቦታ ነው። ፍሬን በማይያዝበት ክፍት መንገድ ላይ ግን የምትመልሰው ጉልበት የለም። እዚያ የሚጠቅማት የሞተሯ ቆጣቢነትና ንፋስ የምትሰነጥቅበት ቅርጿ ነው።

በዚህ ምክንያት «ትንሽ መኪና ሁልጊዜ ትቆጥባለች» የሚለውን አልቀበልም። ፕሪየስ ሲ የምትባለው ትንሿ ሃይብሪድ (አኳ የሚሏትም አሉ) በመጀመሪያዎቹ ሞዴሎቿ ከተማ ውስጥ 4.4 ሊትር፣ በክፍት መንገድ 5.1 ሊትር ነው የተለካችው። ከእሷ በቁመትም በስፋትም የምትበልጠው የሁንዳይ አዮኒክ ሃይብሪድ ደግሞ ብሉ በሚባለው ደረጃዋ ክፍት መንገድ ላይ 4.0 ሊትር ገደማ ናት። አዮኒክ እንደ ጠብታ ተስባ የተሠራች ናት፤ አየሩ ሳይጋጭባት ነው የሚያልፈው። የ4ኛው ትውልድ ፕሪየስም እንደዚያው ናት። ሁለቱም የአየር መቋቋሚያ ቁጥራቸው 0.24 ነው፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን አየሩ መኪናዋን የሚይዛት ያነሰ ነው። በ100 ፍጥነት ሰዓት ሙሉ ለሚነዳ ሰው ይህ ቁጥር ከሞተሩ ሲሲ ባልተናነሰ ያስፈልገዋል።

እግረ መንገዴን ስለ ወረቀት ቁጥር ልናገር፤ ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። ሻጮች «በሊትር 40 ትሄዳለች» ሲሉ ሰምታችኋል። ውሸት ላይሆን ይችላል። የ4ኛው ትውልድ ፕሪየስ አንዷ ደረጃ በጃፓኑ የድሮ ልኬት በሊትር 40.8 ኪሎ ሜትር ተብላ ተመዝግባለች። ይቺኑ ትውልድ አሜሪካኖቹ ሲለኳት ተራዋ ደረጃ በሊትር 22 ኪሎ ሜትር ገደማ ወጣላት። መንገድ ላይ የምታገኙት ሁለተኛውን ነው። የአውሮፓም የድሮ ልኬት እንዲሁ የተጋነነ ነበር። ከ2017 ጀምሮ የመጣው ደብሊውኤልቲፒ የሚባለው አዲሱ ልኬት ለእውነቱ ይቀርባል። ስለዚህ ሁለት መኪና ስታወዳድሩ ሁለቱም በአንድ ልኬት የተለኩ መሆናቸውን አረጋግጡ።

ሌላም አለ። «በሊትር ይህን ያህል ኪሎ ሜትር» የሚለው አነጋገር ራሱ ያታልላል። በሊትር 10 የምትሄድ መኪናን ሸጣችሁ 15 የምትሄድ ብትገዙ በ25,000 ኪሎ ሜትር 833 ሊትር ታተርፋላችሁ። 20 የምትሄደውን በ25 ብትቀይሩ ግን የምታተርፉት 250 ሊትር ብቻ ነው። ሁለቱም ላይ የተጨመረው 5 ነው። ለዚህ ነው እኔ ሁሌ በ100 ኪሎ ሜትር ስንት ሊትር እያልኩ የማስበው። አሁን የያዛችኋት መኪና ጠጪ ከሆነች መካከለኛ ቆጣቢ እንኳን ትልቅ እፎይታ ናት። አሁን የያዛችኋት ቆጣቢ ከሆነች ግን ለጥቂት ሊትር ብላችሁ መኪና ለመቀየር አትቸኩሉ።

ወደ ጥቆማው ልምጣ።

መንገዱ ድብልቅ ለሆነ ሰው፣ ማለትም ግማሹ መጨናነቅ ግማሹ ክፍት ለሆነበት፣ የመጀመሪያ ምርጫዬ ኮሮላ ሃይብሪድ ናት። ቶዮታ ሃይብሪድ ላይ የሚጠቀመው ካምቢዮ ፍሪሲዮንም ቀበቶም የለውም። ጥርሶቹ እርስ በርስ እንደተያያዙ ነው የሚሠሩት። ቶሎ የሚበላ ነገር ስለሌለው ዕድሜው ረጅም ነው። የፍሬን ሸራም ቶሎ አያልቅባችሁም፣ ብዙውን ፍሬን የሚይዘው ኤሌክትሪኩ ነውና። ያገለገለች ለሚፈልግ የ4ኛው ትውልድ ፕሪየስ ጥሩ ናት። ከ2010 እስከ 2015 ያለችውን 3ኛውን ትውልድ ግን በጥንቃቄ እዩ። የጭስ መመለሻ መስመሯ በጥላሸት እየተደፈነ የቴስታታ (የሞተሩ ራስ) ጓርኒሲዮን እስከ ማቃጠል እንደሚደርስ መካኒኮች በደንብ ያውቁታል። መስመሩ መጽዳቱን ጠይቁ። ጠዋት ቀዝቃዛ ሞተር ስታስነሱ የምትንቀጠቀጥና የራዲያተር ውኃ የምታጎድል ከሆነች ተዉአት።

ክፍት መንገድ ለሚበዛበት አዮኒክ ሃይብሪድ ወይም ኢላንትራ ሃይብሪድ። ሁለቱም በፍሪሲዮን የሚሠራ ባለ 6 ማርሽ አውቶማቲክ ካምቢዮ ነው ያላቸው። ሲነዱ ደስ ይላሉ። ዳገት ላይ በሚዘገይ ሰልፍ ውስጥ ግን ፍሪሲዮኑን ማሞቅ አልወድም፤ ስለዚህ ለመጨናነቅ ቶዮታን አስቀድማለሁ።

ናፍታስ? ሰፊና ክፍት መንገድ ላይ ዛሬም ብርቱ ነው። አንድ ሊትር ናፍታ ከአንድ ሊትር ቤንዚን ከ10 በመቶ በላይ የበለጠ ጉልበት አለው። አዳዲሶቹ ናፍታዎች ግን የጭስ ፊልትሮ አላቸው፣ ፊልትሮው ራሱን የሚያጸዳው ሞተሩ በደንብ ግሎ ሲነዳ ነው። መጨናነቅ ውስጥ ይደፈናል። በቀን ሁለት ጊዜ 50 ኪሎ ሜትር ክፍት መንገድ የሚነዳ ሰው ይጠቀምበት። ለሌላው አልመክርም።

ባለ 1000 ሲሲ ትንንሾቹ ለከተማ ጥሩ ናቸው። በ110 ፍጥነት ግን ሞተራቸው ይጮኻል፣ እናንተም አብራችሁ ትደክማላችሁ።

አሁን ኤሌክትሪክ። በዚህ ጉዳይ ላይ አቋሜ ግልጽ ነው። ቤታችሁ ወይም ሥራ ቦታችሁ ቻርጅ ማድረግ ከቻላችሁ ሌላ አትፈልጉ፤ በየቀኑ እኩል ርቀት ለሚነዳ ሰው ከዚህ የተመቸ የለም። እንደ ቴስላ ሞዴል 3 እና አዮኒክ 6 ያሉት በ100 ኪሎ ሜትር 16 ኪሎ ዋት ሰዓት አካባቢ ይበቃቸዋል። ከ230 ቮልት 10 አምፔር ተራ ሶኬት ይህን ለመመለስ 7 ሰዓት ነው። ማታ ትሰኩታላችሁ፣ ጠዋት ሙሉ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ቤት መሰካት የማይችልና በየሁለት ቀኑ ቻርጅ ጣቢያ ሰልፍ የሚይዝ ሰው ግን ሃይብሪድ ይግዛ። ጊዜም ሀብት ነው።

ያገለገለ ኤሌክትሪክ ስትገዙ የባትሪውን ዓይነት ጠይቁ። ኤልኤፍፒ የሚባለው፣ ኒኬል የሌለበት የሊቲየም ባትሪ፣ 100 በመቶ ቢሞላም አይጎዳም ማለት ይቻላል። ኒኬል ያለበትን ለዕለት ጉዞ 80 በመቶ ላይ ማቆም ይመከራል። ስለዚህ የሚያስፈልጋችሁን ርቀት ከ80 በመቶው ላይ አስሉ፣ ከዚያም ለብርድና ለፍጥነት ቀንሱለት። ኒሳን ሊፍ ዋጋዋ ሊያጓጓ ይችላል። ባለ 40 ኪሎ ዋት ሰዓቷ አዲስ ስትሆን 240 ኪሎ ሜትር ገደማ ትሄዳለች። ባትሪዋ ግን በፈሳሽ አይቀዘቅዝም። በሞቃት አካባቢ የቆየች ከሆነች ዳሽቦርዷ ላይ የባትሪውን ጤና የሚያሳዩትን አሞሌዎች ሳትቆጥሩ እንዳትገዙ።

ለእህቴ ባል ከሁሉ በላይ አጥብቄ የነገርኩት ግን ይህን ነው። የመጀመሪያዋን ሃይብሪዴን ስገዛ ያገለገለች ነበረች። ሻጩ ሞተሩን ከፍቶ አሳየኝ፤ ያበራል። ደስ ብሎኝ ገዛሁ። በ4ኛው ወር ዳገት ላይ ማስጠንቀቂያ መብራት በራ፣ ጉልበቷም ወረደ። ባትሪዋ አለቀላት ብዬ ደነገጥኩ። የወሰድኳት መካኒክ የኋላውን ወንበር አነሳና የባትሪውን ማቀዝቀዣ ፋን ፈታው። ክንፎቹ አይታዩም ነበር። አቧራና የውሻ ፀጉር ተጋግሮ እንደ ብርድ ልብስ ጨርቅ ወፍሮ ሸፍኗቸዋል። በጣቱ ሲልጠው ባንድ ቁራጭ ተነሳ። ባትሪው ለዓመታት ሳይተነፍስ ኖሯል። አጽድተን ስንገጥመው መብራቱ ጠፋ። ግን ሁለቱ ሴሎች ቀድመው ተጎድተው ስለነበር በዓመቱ ተቀየሩ። ከመግዛቴ በፊት ፋኑን በእጅ ባትሪ አምስት ደቂቃ ባየው ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር።

ስትሞክሩም ሰፈር አዙራችሁ አትመልሱ። ቢያንስ 40 ደቂቃ ንዱ። በየቀኑ ሁለት ሰዓት የምትቀመጡበት ወንበር ነው። ወገባችሁን፣ የቀኝ ጉልበታችሁን፣ የጎማውን ድምፅ አዳምጡ። የማይመች ወንበር ያላት ቆጣቢ መኪናን በሁለተኛው ወር ትጠሏታላችሁ።

ጎማውንም እዩ። የ2023 ፕሪየስ ባለ 17 ኢንች ጎማዋ በ100 ኪሎ ሜትር 4.1 ሊትር ነው የተለካችው። ባለ 19 ኢንቿ 4.5። ሞተሩ አንድ ነው፣ የተለየው ጎማውና ጌጡ ነው። እኔ ሁሌ ትንሹን ቸርኬ እመርጣለሁ፤ ጉድጓድም ይችላል።

ፍጥነቱስ? ከ100 ወደ 120 ስትጨምሩ የአየሩ ግፊት 44 በመቶ ይጨምራል። በ50 ኪሎ ሜትር መንገድ ላይ የምታተርፉት 5 ደቂቃ ነው። እኔ 5 ደቂቃ ቀድሜ ከቤት መውጣት ከጀመርኩ ቆየሁ።

የእህቴ ባል መንገዱ ሲጣራ ከግማሽ በላይ መጨናነቅ ሆኖ ተገኘ። ቤቱ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው፣ ቻርጅ ማድረጊያ የለውም። ስለዚህ ኮሮላ ሃይብሪድ አልነው። የ2019 ሞዴል አንዲት አግኝቷል፣ ቅዳሜ አብረን ልናያት ነው። የእጅ ባትሪና ካቻቢቴ ይዤ እሄዳለሁ።