ክርክር፦ ተቀባይነት ለማግኘት ሲባል ማንነትን መደበቅ ዕድገት ነው ወይስ ኪሳራ?

የመነሻ ሐሳብ፦
ባለፈው ሳምንት አንድ ወንድማችን «በጣና ዳርቻ የሚኖሩ የነገደ ወይጦ ወጣቶች ባሕር ዳር ተምረው ሥራ ሲይዙ የመጡበትን ማኅበረሰብ መናገር ያቆማሉ፤ ይህም ዕድገት እንጂ ኪሳራ አይደለም» ሲል ጽፎ ነበር። እኔ አልስማማም፤ የእናንተን ሐሳብ ግን ከነምክንያቱ መስማት እፈልጋለሁ።

መምህሩ፦
የወንድማችንን ሐሳብ በከፊል እደግፋለሁ። የማይለወጥ ሕዝብ የለም። ወይጦዎች የሚታወቁበት ከደንገል (በሐይቁ ዳር ከሚበቅል ተክል) ታንኳ መሥራት ከባድ ሥራ ነው፤ ደንገሉ ውኃ እየጠጣ ስለሚከብድ ታንኳው ብዙ ሳይቆይ በአዲስ መተካት አለበት። አንድ ልጅ ከዚህ ድካም ወጥቶ ነርስ ወይም መሐንዲስ ቢሆን ማንነቱን አጣ ልንለው አይገባም። ድህነትን ከባህል ጋር አደባልቀን ልጆቹን ቅርስ ጠባቂ አድርገን ማስቀመጥ ሌላ በደል ነው።

የሐይቁ ዳር ልጅ፦
መምህር፣ ያሉት እውነት ነው፤ ሥራ መቀየርን የተቃወመ ግን የለም። አያቶቻችን የጉማሬ ሥጋ ይበሉ ነበር ተብሎ፣ እኛ ቀምሰነው እንኳ ሳናውቅ፣ የጠጣንበትን ብርጭቆ ለብቻ የሚያስቀምጥ ሰው ነበር። ስለዚህ ዘጠነኛ ክፍል ስገባ አገሬን ለሚጠይቀኝ ሁሉ ሌላ ወረዳ እጠራ ጀመር። አንድ ቀን ከጓደኞቼ ጋር በሐይቁ ዳር ስናልፍ አጎቴ እንጨት የጫነች ታንኳውን ወደ ዳር እየጎተተ ነበር፤ ሲያየኝ ስሜን ጠራ። እንዳልሰማ ሆኜ አለፍሁ። ሁለተኛ አልጠራኝም። ከዚያ በኋላ ሰው ባለበት ስንገናኝ እርሱም ቀድሞ ፊቱን ወደ ውኃው ይመልስ ነበር፤ እኔን ከኀፍረት ለማዳን ብሎ ነው። መምህር፣ ይህን ምርጫ ይሉታል? እምቢ ብል ጓደኛ፣ ቤት አከራይ፣ ምናልባትም የትዳር አጋር የማጣበት ነገር ምርጫ አይደለም።

የቋንቋ ጥናት ተማሪ፦
ጉዳዩ በእኛ ዘመን አልተጀመረም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1770ዎቹ መጀመሪያ በአካባቢው የነበረው ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ ወይጦዎች የራሳቸው ቋንቋ እንዳላቸው ጽፏል፤ ከ1928 እስከ 1929 በአካባቢው የተጓዘው ፈረንሳዊው ተመራማሪ ማርሴል ግሪዮል ግን ቋንቋቸውን ትተው አማርኛ እንደሚናገሩ መዝግቧል። ዛሬ ቋንቋው ከየትኛው የቋንቋ ቤተሰብ እንደነበር እንኳ አልተረጋገጠም። እንዲህ ያለው ነገር በአንድ ቀን የሚጠፋ አይመስለኝም፤ እናት ሰው እንዳይስቅበት ብላ ልጇን ገበያ ላይ በሌላ ቋንቋ ስትጠራው፣ ከዚያም ቤት ውስጥ ስትጠራው፣ በመጨረሻ የልጅ ልጇ የመጀመሪያውን ስም ሳይሰማ ሲያድግ ይሆናል።

መምህሩ፦
ልጄ፣ የአጎትህ ነገር ልቤን ነክቶታል፤ «ዕድገት» ያልሁትን ቃል በአንተ ላይ አልናገረውም። ነገር ግን አንድ ጥያቄ ይቀረኛል። ልጅህ ነገ ክፍል ውስጥ የማኅበረሰባችሁን ስም ጠርታ ብትገለል፣ ለእውነት ስትል የተጎዳችው እርሷ እንጂ እኛ ተከራካሪዎቹ አይደለንም። ሸክሙ በሚያገልለው ላይ እንጂ በሚገለለው ላይ መውደቅ የለበትም፤ ስለዚህ መጀመሪያ መምህራንና ወላጆች መታረም አለብን።

የሐይቁ ዳር ልጅ፦
በዚህ እስማማለሁ፤ እስክትታረሙ ድረስ ግን ስንት አጎት ፊቱን ወደ ውኃ ይመልሳል? ባለፈው ዓርብ ሴት ልጄን ይዤ አጎቴ ቤት ሄድሁ። ደንገሉን ሲያስር አጠገቡ አስቀምጧት የእያንዳንዱን ማሰሪያ ስም እየነገራት ዋለ፤ እርሷም እየደጋገመች ትጠራው ነበር። ትምህርት ቤት ሄዳ ትናገረው እንደሆነ ግን ከባለቤቴ ጋር አልተስማማንም፤ እርሷ ትንሽ ትደግ ትላለች፣ እኔም ሰኞ ጠዋት ልጅቷን በር ላይ ስሸኛት ምንም አላልኋትም።