«ቆሰቆሰ» እና «አባባሰ» አንድ ናቸው እንዴ?

ጸሐፊው፦
ሰላም ቤቶች። መሥሪያ ቤት ስለ ሁለት ሠራተኞች ጠብ ሪፖርት ጻፍኩና «የኃላፊው ንግግር ጠቡን ቆሰቆሰው» አልኩ። አለቃዬ ሰርዞ «አባባሰው» አደረገው። ልዩነታቸው ምንድን ነው? ለእኔ ያው ናቸው፤ እንዲያውም የኔው ይሻላል ባይ ነኝ።

የአመድ ልጅ፦
አንድ አይደሉም። ማታ እሳት ሲዳፈን ፍሙ አመድ ይለብሳል አይደል? ጠዋት በእንጨት ነካ ነካ አድርገህ አመዱን ስትገልጥለት ቀይ ሆኖ ብቅ ይላል፣ መቆስቆስ ማለት ይሄ ነው። ስለዚህ የሚቆሰቆሰው በርዷል የተባለ፣ ሰው የተወው ነገር ነው። «የድሮ ነገር አትቆስቁስ» ይባል የለ? ሰዎችህ ቀድሞውንም እየተሰዳደቡ ከነበረ ግን ምኑ ይቆሰቆሳል፣ እየነደደ ነዋ! አለቃህ ልክ ነው።

ሸገር፦
ኧረ አታክብዱት። ዜና ላይ «ጦርነት ቆሰቆሰ» ሲባል አስነሳ ለማለት ነው። አመዱን ማንም አያስበውም።

የአመድ ልጅ፦
ለማስነሳትማ «ጫረ» አለ። ጠብ አጫሪ የምንለው ከየት መጣ?

ነርሷ፦
ከእኛ ሰፈር ልጨምር። በሽታ ሲከፋ «ባሰበት» ነው፤ ብሶት የምንለውም ከዚሁ የመጣ ነው። ያባባሰ የሚባለው ደግሞ ባለው ላይ የጨመረው ነገር ነው፣ ለምሳሌ የሚያሳክክ ቆዳ ስታክከው ይብስበታል፣ ያባባሰው ማከኩ ነው። ቁስል ግን የራሱ ቃል አለው። ሲቀላ፣ ሲያብጥና ሲያተኩስ «ተቆጣ» ይባላል። መግል ከያዘ «አመረቀዘ»። እናቶች «አትነካካው፣ ይቆጣብሃል» ይሉ የለ? የጨጓራ መቆጣትም ያው ነው። በመጻሕፍት «ብግነት» ይሉታል፣ እሱም ቢሆን «አበገነኝ» ከምንለው የራቀ አይደለም። በአማርኛ ቁስሉም እንደ ሰው ይናደዳል ማለት ነው፣ ደስ ይለኛል።

ሸገር፦
የባሰ አታምጣ 😂

ጸሐፊው፦
አመሰግናለሁ። ግን ሰዎቹ አምና ተጣልተው በሽማግሌ ታርቀው ነበር። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ያንን አንሥቶ ነው እንደገና የተጋጩት።

የአመድ ልጅ፦
ታዲያ ይህን መጀመሪያ አትነግረንም! ያንተው ይሁን በቃ። ግን «የታረቁበትን ጠብ ቆሰቆሰው» ብለህ ጻፍ፣ ያለዚያ አለቃህ መልሶ ይሰርዘዋል።