ጠዋት ጠዋት ጀርባዬ እንጨት ይሆናል፤ ሥራዬን እንዴት ልቀጥል?

ልብስ ሰፊው (ደሴ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። ሰኞ ገበያ አካባቢ ልብስ እሰፋለሁ፤ ዕድሜዬ 27 ነው። ሐኪም «አንኪሎዚንግ ስፖንዲላይተስ ነው፣ የአከርካሪ መገጣጠሚያ መቆጣት ነው፣ አብሮህ ይኖራል» አለኝ። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ሕመሙ ይቀሰቅሰኛል። ጠዋት ጎንበስ ብዬ ጫማ ማሰር አልችልም። ረፋዱ ላይ ይለቀኛል፣ ማሽን ላይ ስቀመጥ ደግሞ ይይዘኛል። ቤተሰብ «ወጌሻ ይሽህ» እያለኝ ነው። ምን ትሉኛላችሁ?

የኮምቦልቻዋ፦ አይዞህ ወንድም ዓለም፣ እኔም አለብኝ። ይሄ በመተኛት የሚሻል ሕመም አይደለም፤ ሲያርፉ ይብሳል፣ ሲንቀሳቀሱ ይላላል። ስልክህን በየግማሽ ሰዓቱ አስጩኸውና ተነስ። መለካቱን፣ መቁረጡን፣ መተኮሱን ቆመህ ሥራ፤ ጠረጴዛው ከፍ ይበል፣ እንዳትጎብጥበት። ጠዋት ከአልጋ ሳትወርድ ጉልበትህን አጥፈህ ግራ ቀኝ አዙረው። ከዚያ ሙቅ ውሃ። በደሴ ብርድ ቀዝቃዛውን እንዳታስበው!

ፊዚዮቴራፒስቱ፦ ወጌሻው ይቅር፣ በዚህ አልደራደርም። በሽታው ሲቆይ አከርካሪን ሊያጣብቅ ይችላል፤ እንዲህ ያለ አጥንት ደግሞ ቶሎ ይሰበራል። ማንም እንዳይጎትትህ፣ እንዳይጠመዝዝህ። ይልቅ በየቀኑ ተረከዝህን፣ መቀመጫህንና ትከሻህን ግድግዳ አስደግፍ፤ አገጭህን ሳታነሳ የራስህን ኋላ ለማስነካት ሞክር። እዚያው ቆመህ ደረትህ እስኪሰፋ ተንፍስ። ትራስህ ቀጭን ይሁን። ሲጋራ ካለ አቁም።

ነርሷ (ወልድያ)፦ ኢቡፕሮፌን ወይም ዳይክሎፌናክ ከታዘዘልህ ምግብ በልተህ ዋጥ። ቡና ብቻ ጠጥቶ አይሆንም። ሁለቱን አንድ ላይ አትውሰድ። ጨጓራ ወይም ኩላሊት ካለብህ ተናገር፤ ሰገራህ ከጠቆረ መድኃኒቱን አቁመህ ወዲያው ታከም። ዓይንህ ቀልቶ ካመመህና ብርሃን ካስጠላህ በዚያው ቀን ሂድ፤ ይሄ በሽታ ዓይንም ይነካል። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ ወይም ክብደት መቀነስ ካለም ለሐኪሙ ንገረው። የአከርካሪ ቲቢም፣ በጥሬ ወተት የሚመጣው ብሩሴላም ጀርባ ያማሉ።

ልብስ ሰፊው፦ አሏህ ይስጥልኝ። ሶላት ላይ ሱጁድ ማድረግ ሲያቅተኝስ?

እትዬ ከሐይቅ፦ ልጄ፣ አሏህ ያሽርህ። ወንበር ላይ ተቀምጠህ ስገድ፤ ላልቻለ ተፈቅዷል። ለረመዳን ደግሞ ሳይገባ መድኃኒቱን ከስሑርና ከኢፍጣር ጋር እንዴት እንደምትወስድ ሐኪሙን ጠይቀው። ራስህ አትቀይረው።

ልብስ ሰፊው፦ እሺ እትዬ፣ ዕድሜ ይስጥዎ። ጠረጴዛውን ነገ አናጺ ጋ እወስደዋለሁ።