በደብረ ማርቆስ የነበረው ባለሰማያዊ በር አዝማሪ ቤት መቼ ነው የተዘጋው?

ጥያቄ፦ ከመንቆረር ልጅ

የተከበራችሁ ወገኖቼ፣ ይህን የምጽፈው በደብረ ማርቆስ ከአሮጌው መናኸሪያ ጀርባ የነበረውን፣ ሰሌዳ ስላልነበረው ሁላችንም «ባለሰማያዊ በሩ» እያልን የምንጠራውን አዝማሪ ቤት የምታስታውሱ ካላችሁ እንድትረዱኝ ነው። ከከተማው ከወጣሁ ብዙ ዘመን ሆኖኛል። ባለፈው ዓመት ለእናቴ ተዝካር ስመጣ ወደዚያ ጎራ ብል፣ በሩ ግራጫ ቀለም ተቀብቶ፣ ጠጁ ይጣልበት የነበረው ጓዳ የሲሚንቶ ማከማቻ ሆኖ አገኘሁት፤ መጋዘኑን የሚጠብቀው ልጅም በዚያ ግቢ ማሲንቆ ይመታ እንደነበር ከእኔ ገና መስማቱ ነበር።

ቤቱን ለማታውቁት፣ ሰፊ አልነበረም። በግድግዳው ዙሪያ የጭቃ መደብ፣ ወለሉ ላይ ቄጠማ፣ መሐሉ ባዶ ነው፤ ሠላሳ ሰው ከገባ በኋላ የሚመጣ ቆሞ ይጠጣል። ለአዝማሪው የተለየ መድረክ አልተሠራለትም፤ በዚያች ባዶ ቦታ እየተዘዋወረ አንዱን ያወድሳል፣ ሌላውን ይነካካል፣ የተነካውም ሰው ብርሌውን አስቀምጦ «ተቀበል!» ይልና የራሱን ግጥም ያቀብለዋል፤ አዝማሪውም የሰማውን ቃል በቃል እየደገመ፣ ደጋኑ ቃሉን እየተከተለ፣ የሰካራሙን ንግግር ዜማ አድርጎ ይመልስለት ነበር። የእህል ነጋዴው፣ መምህሩ፣ የጭነት መኪና ሾፌሩ፣ ለፍርድ ቤት ቀጠሮ የመጣው ባላገር ሁሉ በዚያ ቤት ገጣሚ ነበር፤ ግጥሙ ቤት ባይመታለት እንኳ አዝማሪው ዜማውን ጎተት አድርጎ ጉድለቱን ይሸፍንለታል።

ጥያቄዎቼ ሁለት ናቸው። ለልጆቼ የሚሆን ማስታወሻ እየጻፍሁ ስለሆነ ቤቱ በትክክል መቼ እንደተዘጋ ማወቅ እሻለሁ፤ የጠየቅኋቸው ሦስት ሰዎች ሦስት የተለያየ ዓመት ነገሩኝ። ሁለተኛው የአንድ ግጥም ነገር ነው። አንድ ምሽት አንድ ሾፌር ከጓደኞቹ ጋር ተቀምጦ፣ ጠጅ የምትቀዳውን ልጅ «አገርሽ የት ነው?» እያለ ቢያስቸግራት፣ አዝማሪው በእሷ ፈንታ መልስ ሰጥቶ ቤቱን ሁሉ በሳቅ አንፈራፍሮት ነበር። የግጥሙ መጀመሪያ «ጓደኛ አታብዛ መንገዱ ሩቅ ነውና» ይላል፤ ሁለተኛው ስንኝ ግን ጠፍቶብኛል።

መልስ፦ ከጡረተኛው መምህር

ወንድሜ የመንቆረር ልጅ፣ የእናትዎን ነፍስ ይማር። ያን ምሽት እኔም ከበሩ በስተግራ ካለው መደብ ላይ ነበርሁ፤ ግጥሙም እንዲህ ነው፦

ጓደኛ አታብዛ መንገዱ ሩቅ ነውና፣
የልቤን ብነግርህ አገሬ ብቸና።

ሰሙ ቀላል ነው፤ ልጅቱ የአገሯን ስም ትናገራለች፣ መንገዱም ሩቅ ስለሆነ ሰው አስከትለህ አትድከም ትለዋለች። ወርቁ የተቀበረው በመጨረሻው ቃል ነው። የከተማዋን ስም በጽሑፍ «ቢቸና»ም «ብቸና»ም ተብሎ ብናገኘው፣ አዝማሪው በማሲንቆ ሲጎትተው «ብቻ ና» ሆኖ ይሰማል፤ ወደ አገሬ ብቻህን ና ማለቷ ነው። «ጓደኛ አታብዛ» የሚለውም ሁለቱንም ፍቺ አስቀድሞ የሚያመቻች ስለሆነ፣ በዚያች ቅጽበት ከአፉ የወጣ ነው ብሎ ማመን ለሰማነው እንኳ ያስቸግራል። ሾፌሩ የተቀመጠው ከአራት ጓደኞቹ ጋር ነበርና ሳቁ ከዚያ የመጣ ነው፤ ሰውየው ተጋበዘ ወይስ ተባረረ የሚለውን ግን እስከ ዛሬ አልለየሁትም።

ስለ መዘጋቱ የማውቀውን ልንገርዎ። ባለሰማያዊ በሩ በየዓመቱ በሁዳዴ 55 ቀን ሙሉ ማሲንቆ አይመታበትም ነበር። በቅበላ ምሽት አዝማሪው ጭራውን አላልቶ ማሲንቆውን ከግድግዳው ችንካር ላይ ይሰቅልና ወደ ገጠር ወደ እርሻው ይሄዳል፤ ለፋሲካ ተመልሶ ያወርደዋል። በየካቲት 2012 ዓ.ም. እንደ ልማዱ ሰቅሎት ሄደ። ጾሙ ሳይጋመስ፣ መጋቢት 4 ቀን፣ በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ መገኘቱ ተነገረ፤ በወሩ መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ፋሲካ ሚያዝያ 11 ቀን ሲውል ማሲንቆውን የሚያወርድ ሰው አልነበረም። የተነገረዎት ዓመት ሁሉ የተለያየው ለዚህ ይመስለኛል፤ ሲዘጋ ሁላችንም የጾሙ መዝጊያ ነው ብለን ስላሰብን ቀኑን ልብ ያለው አልነበረም።

መልስ፦ ከአብነት ተማሪ

መምህር፣ ከይቅርታ ጋር፣ ጎጃም ዋሸራን፣ ጎንጅንና ዲማን የመሰለ የቅኔ ጉባኤ ያለበት አገር ሆኖ ሳለ ለጠጅ ቤት ስንኝ ሰምና ወርቅ ብሎ መፍቻ ማዘጋጀት ይከብደኛል። ኅብር ቃል፣ ማለትም ሁለት ፍቺ ያለው ቃል፣ ቢባል ይበቃዋል። በልጅነታችን ግን፣ አልዋሽም፣ ቁራሽ ለምነን ወደ ማታ ስንመለስ በዚያ አጥር ሥር ቆመን አዳምጠናል፤ ከመካከላችን አንዱ የሰማውን ዜማ በጉባኤ መሐል ሳያውቀው አንጎራጉሮ የደረሰበትን ቅጣት እዚህ አልጽፈውም።

መልስ፦ ከባለጭራው

በመምህሩ ቀን አልስማማም። ቤቱ በ2013 ዓ.ም. ተመልሶ ተከፍቷል፤ እኔ ራሴ ማሲንቆ የምመታ ሰው ስለሆንሁ ሁለት ጊዜ ሄጄበታለሁ። በሁለተኛው ጊዜ ከጥግ አንድ ኪቦርድ፣ ከበሩ ግራና ቀኝ ሁለት ትልልቅ ድምፅ ማጉያዎች ተተክለው አገኘሁ። ለእኔ ያ ቤት የተዘጋው ያን ዕለት ነው።

ይህን ስል ለአዲስ ነገር ጥላቻ ኖሮኝ አይደለምና ምክንያቴን በዝርዝር ላስረዳ። ማሲንቆ አንድ ገመድ ብቻ ያለው፣ ገመዱም ደጋኑም ከፈረስ ጭራ የሚሠራ፣ አራት ማዕዘን ሳጥኑ ቆዳ የለበሰ መሣሪያ ነው። ተጫዋቹ ጭራውን ከእንጨቱ ጋር አጣብቆ አይጫነውም፤ በጣቶቹ ይነካዋል እንጂ፤ ስለዚህ ድምፁ ከአንዱ ኖታ ወደ ሌላው ሲሄድ እንደ ሰው ጉሮሮ ይንሸራተታል። አዝማሪው መሣሪያውን የሚቃኘው ለዚያ ምሽት ባለው ድምፁ ልክ ነው፤ ጉንፋን ከያዘው ዝቅ ያደርገዋል፣ ከሞቀው ከፍ ያደርገዋል። ኪቦርዱ ግን አንድ ጊዜ ፋብሪካው በወሰነለት ልክ ይቆማል፤ ትዝታውንና ባቲውን እንደ ምንም ቢያስጠጋው፣ አንቺ ሆዬን በዚያ አዝማሪ ጣት የሰማ ሰው ከማጉያው የሚወጣው ሌላ ነገር መሆኑን ለማወቅ አንድ ስንኝ ይበቃዋል።

ከሁሉ የከፋው ደግሞ ገመዱ ነው፤ የጭራውን ሳይሆን የማይክራፎኑን ማለቴ ነው። ከመደብ መደብ ሲዘዋወር የኖረ ሰው ከአንድ ጥግ ታሰረ። የማሲንቆ ድምፅ ከአንዲት ክፍል የማያልፍ በመሆኑ ነበር ሰው ዝም ብሎ የሚሰማው፤ «ተቀበል!» ሲባልም ከጥግ እስከ ጥግ የሚሰማው በዚሁ ምክንያት ነው። ማጉያው ሲገባ ግጥም የሚያቀብለው ሰው መጮህ ነበረበት፤ እየጮኸ ኅብር ቃል የሚያወጣ ሰው ደግሞ እኔ አላየሁም። በዚያ ምሽት ሦስት ሰዓት ያህል ተቀምጬ ከእንግዳ የተሰጠ አንድም ግጥም አልሰማሁም።

በአዲስ አበባ በጥር 2007 ዓ.ም. የጣይቱ ሆቴል በእሳት ሲጎዳ በውስጡ የነበረው የሙዚቃ ቤት ጃዝ አምባ አብሮ ጠፋ፤ ተወዛዋዡ መላኩ በላይ በሽልማት ገንዘብ እየተወዛወዘ ከኖረበት በኋላ ተረክቦ ለዓለም ያስተዋወቀው የካዛንቺሱ አዝማሪ ቤት ፈንዲቃም በ2017 ዓ.ም. ሰፈሩ ሲፈርስ የቆየበትን ቦታ አጣ። ለእነዚህ ቤቶች ብዙ ተጽፎላቸዋል፣ ፎቶግራፍና የተቀዳ ድምፅም አላቸው። የእኛን ቤት የቀዳው ማን ነው? እኔ በኪሴ ስልክ ይዤ ስንት ምሽት ተቀምጬ አንድ ጊዜ እንኳ መቅጃውን አልነካሁትም፤ ነገም የሚኖር መስሎኝ።

መልስ፦ ከደምበጫዋ

ጠጅ የምትቀዳው ልጅ እኔ ነኝ።

ጋሼ መምህር «ተጋበዘ ወይስ ተባረረ» ብለው ለጠየቁት፣ ተባርሯል። ደግሞም እኔ የደምበጫ ልጅ እንጂ የብቸና አይደለሁም፤ አዝማሪው ይህን አሳምሮ ያውቅ ነበር፣ ለግጥሙ ቤት መምቻ ሲል ግን አገሬን ለወጠው። ለእናንተ የአንድ ምሽት ሳቅ ነበር፤ እኔ ግን ከዚያ በኋላ ሦስት ወር ሙሉ በሩን ከፍቶ የገባ ሁሉ «ይኸው፣ ብቻዬን መጣሁ» ሲለኝ ከረምሁ። የቤቱ እመቤት ነገሩ ሲበዛ አዝማሪውን ጠርታ ያን ግጥም ሁለተኛ እንዳይደግመው ከለከለችው፤ የመንቆረር ልጅ ሁለተኛውን ስንኝ የረሱት ደግመው ስላልሰሙት ይሆናል።

ወንድማችን ባለጭራው ስለ ኪቦርዱ የተናገሩት እውነት ነው፤ ይሁን እንጂ እመቤቲቱ ማሲንቆ ጠልታ ያመጣችው እንዳይመስላቸው እፈልጋለሁ። ጠጁ የሚጣለው አንድ እጅ ማር በሦስት እጅ ውሃ ነበር፤ ማሩ ሲወደድ ሌላው ቤት ስኳር መጨመር ሲጀምር እሷ «ጌሾዬን አላዋርድም» ብላ እንቢ አለች። የብርሌውን ዋጋ ከፍ ስታደርግ ቋሚ እንግዶች ቀነሱ፤ በ2013 ዓ.ም. ስንከፍት ደግሞ የቤቱ አከራይ ኪራዩን ጨመረ። ወጣቶቹ ሙዚቃ ከሚጮህበት ካልሆነ አንገባም ስላሉ ኪቦርዱን ተከራይታ አስገባች፤ አዝማሪው ማይክራፎን በያዘ ቁጥርም ጓዳ ትገባ ነበር። በስምንተኛው ወር ኪቦርዱን መልሳ አውጥታዋለች። ባለጭራው ሦስተኛ ጊዜ ቢመጡ ኖሮ ማሲንቆውን ብቻውን ያገኙት ነበር።

ቤቱ የተዘጋው በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ነው። በክልላችን አዋጅ ታውጆ በከተማው የሰዓት እላፊ ሲደነገግ፣ አዝማሪ ቤት ደግሞ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በፊት የማይሞቅ ስለሆነ፣ እንግዳው ገና አንደኛውን ብርሌ ሳይጨርስ መነሣት ግድ ሆነበት። ጥቂት ቀን በቀትር ለመክፈት ሞከርን፤ በፀሐይ ብርሃን ማን ግጥም ይሰጣል? የመጨረሻው ቀን የመጡት አራት ሰዎች ነበሩ፤ ሦስቱ ሳይጠጡ ዝናቡ እስኪያባራ ድረስ የተጠለሉ ናቸው። አዝማሪው ለእነሱም ቆሞ መታላቸው፤ ከዚያም ማሲንቆውን በነጠላ ጠቅልሎ ያዘው እንጂ ችንካሩ ላይ አልሰቀለውም። እኔ መዘጋቱን ያወቅሁት በዚህ ነው።

አዝማሪው ደኅና ነው። በገጠር እርሻውን ያርሳል፤ መንገዱ ሲፈቅድ በጥር ሠርግ ይጠራል፤ ማሲንቆውም አዲስ ቆዳ ለብሷል።

መልስ፦ ከመንቆረር ልጅ

እኅቴ ሆይ፣ ከሳቁት አንዱ ነበርሁና ይቅርታ እጠይቅሻለሁ። ግጥሙን በማስታወሻዬ ሳሰፍር ከሥሩ ያንቺን ቃል አብሬ እንድጽፍ ብትፈቅጂልኝ ደስ ይለኛል። ሦስቱንም ዓመቶች ከየምክንያታቸው ጋር እጽፋቸዋለሁ። ከጥምቀት በኋላ ወደ አገር ቤት ለመምጣት አስቤያለሁ፤ ባለጭራው ከእኔ ጋር ቢሄዱና መቅጃ ቢይዙ፣ አዝማሪውም ፈቃዱ ቢሆን፣ ያለበትን መንደር በግል መልእክት ብትልኪልኝ እለምንሻለሁ።

መልስ፦ ከአብነት ተማሪ

«ደምበጫ» ቤት የሚመታለት ቃል አጥቶ እንዳይሆን ብዬ ሞከርሁት፦

ስትጠይቅ አምሽተህ አጣሁኝ ማምለጫ፣
እውነቱን ልንገርህ አገሬ ደምበጫ።

ወርቅ የለውም፤ ሰም ብቻ ነው።

መልስ፦ ከደምበጫዋ

ቤት ይመታል። መንደሩን ለመንቆረር ልጅ ልኬአለሁ፤ ማስታወሻውም እኔ ያልሁትን ይዞ ይጻፍ። አዝማሪውን ሳገኘው «ተቀበል» ብዬ ይህን እሰጠዋለሁ።