«ኢንሽራውድ» የሚለው የእንግሊዝኛ ግስ የት ይገባል?

ጠያቂ፣ ከደብረ ማርቆስ፦
ለጎብኚዎች በእንግሊዝኛ በማዘጋጀው አጭር ጽሑፍ ላይ የጮቄ ተራራ በክረምት በጉም መሸፈኑን «ከቨር» በሚለው ግስ ገልጬ ነበር። አንድ ባልደረባዬ ግን «ኢንሽራውድ» ይሻላል ብሎ ለወጠው፤ በዚያው ብዕሩም የቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ በቆርቆሮ መሸፈኑን የሚናገረውን ዓረፍተ ነገር በዚሁ ግስ አረመው። በሁለቱም ቦታ ይገባልን?

መምህር፣ ከባሕር ዳር፦
ለጉሙ ይገባል፤ ለቆርቆሮው አይገባም። ግሱ የሚያመለክተው አንድን ነገር ዙሪያውን ከብቦ ከዓይን መሰወርን እንጂ ከላዩ መክደንን አይደለም። «ሽራውድ» የሚለው ስም በጥንታዊው እንግሊዝኛ ልብስ ማለት ሲሆን፣ ኋላ በ16ኛው ምዕተ ዓመት ገደማ እኛ መግነዝ የምንለው የአስከሬን መጠቅለያ መጠሪያ ሆነ፤ በኢጣልያ በቱሪን ከተማ የሚገኘው፣ ብዙዎች የክርስቶስ መግነዝ ነው ብለው የሚያከብሩት ጨርቅም በእንግሊዝኛ የሚጠራው በዚሁ ስም ነው። ከዚህ የተነሣ ግሱ ከጉም፣ ከጨለማ፣ ከጢስና ከምስጢር ጋር ይስማማል፤ በአብዛኛውም በተደራጊ መልክ መጥቶ «ኢን» የሚለውን መስተዋድድ ያስከትላል። ምጣድ በአክንባሎ መክደንን በዚህ ግስ የሚጽፍ ሰው ግን አንባቢውን ያስቃል። ለጣሪያው «ሩፍ» የሚለው ግስ ይበቃል።

ተርጓሚ፣ ከፍኖተ ሰላም፦
በመምህሩ መልስ እስማማለሁ፤ ነገር ግን «ቬይል» ከሚለው ግስ ጋር እንዳይምታታ እሰጋለሁ። በነሐሴ ዓባይ ሲሞላ ከጢስ ዓባይ ፏፏቴ የሚነሣው ርጭት ገደሉን ጨርሶ ሲሰውረው «ኢንሽራውድ» ይባላል፤ በበጋ፣ በተለይም ውኃው ወደ ኃይል ማመንጫው ከተጠለፈ ወዲህ፣ የሚቀረው ስስ ርጭት ዓለቱን እያሳየ ስለሚጋርድ «ቬይል» ይስማማዋል። የአማርኛው «መሸፈን» ወጪንም ስለሚጨምር፣ የስብሰባ ወጪን በ«ኢንሽራውድ» የገለጸ ደብዳቤ አይቻለሁ፤ ለዚያ መደበኛው የእንግሊዝኛ ግስ «ዲፍሬይ» ነው፣ ተከታዩም ሁልጊዜ ወጪው እንጂ ሰውየው አይሆንም።

ጠያቂ፦
ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። የጮቄ ጉም ብዙ ጊዜ የሚይዘው ጫፉን ብቻ ነውና፣ ግስ መለወጥ ይኖርብኝ ይሆን?

መምህር፦
አያስፈልግም። «ተራራው» በሚለው ፋንታ «የተራራው ጫፍ» ይበሉ፤ ግሱ ባለበት ይቆይ።