ጨለማ ውስጥ ያለው ባቄላ በለጠ! ልጄን ምን ልበላት?

የሶሲ እናት፦ ሰላም ቤቶች። ልጄ 5ኛ ክፍል ናት። «ብርሃን ለዕፅዋት ያለውን ጥቅም በሙከራ አሳዩ» ተብላ ሁለት ጣሳ ላይ ባቄላ ተከልን። አንዱ መስኮት ላይ፣ አንዱ ቁም ሳጥን ውስጥ። ውሃውን ማታ ማታ እሷ ታጠጣለች። ትናንት በ15ኛው ቀን ለካን። የመስኮቱ 9 ሳንቲ ሜትር፣ የቁም ሳጥኑ 21! «ታዲያ ጨለማ ይሻላል ማለት ነው?» አለችኝ። መልስ አጣሁ። ሐሙስ ታቀርባለች፤ ነቅለን እንደገና እንትከል?

ጠመኔ፦ ኧረ እንዳትነቅሉት! እኔ ባዮሎጂ አስተምራለሁ፤ እንዲህ ያለ ውጤት ሳይ ደስ ነው የሚለኝ። ቁመቱን ብቻ ስለለካችሁ ነው። ቀለሙንስ አያችሁት? ነጣ ያለ ቢጫ፣ ግንዱ ክር የመሰለ፣ ቅጠሉ በቅጡ ያልተዘረጋ ነው አይደል? ተክሉ ገና አፈር ውስጥ ያለ መስሎታል። ፍሬው ውስጥ የነበረውን ስንቅ ሁሉ ለቁመት አውሎ ብርሃን ፍለጋ ሽቅብ ይሮጣል። ስንቁ ሲያልቅ ይሞታል። የመስኮቱ ግን ብርሃን ሲያገኝ ሩጫውን ገታ፤ ግንዱን አወፈረ፣ ክሎሮፊል የሚባለውን አረንጓዴ ቀለም ሠራ፣ ምግቡን ራሱ ማዘጋጀት ጀመረ።

ብቅል በኮባ፦ ለካ! ለጠላ ብቅል በኮባ ጠቅልዬ ሳበቅል ቡቃያው ሁሌ ነጭ ነው። ምክንያቱን ዛሬ ገና አወቅሁ።

አራተኛ ፎቅ፦ የእኔም የቲማቲም ችግኝ ሳሎን ውስጥ ቀጥኖ ቀጥኖ ወደቀ። እኔ ደግሞ ማዳበሪያ ስጨምርለት ነበር፤ ሞኝ!

የሶሲ እናት፦ ጋሼ ተባረኩ። ግን መምህሯ «ብርሃን ያገኘው ይረዝማል» የሚል መልስ ብትጠብቅስ?

ጠመኔ፦ ያየችውን ትጻፍ። ከቁመቱ ጎን የግንዱን ውፍረትና የቅጠሉን ቀለም ትመዝግብ። አሁን ፎቶ አንሱትና የቁም ሳጥኑን ወደ መስኮቱ አውጡት፤ በአንድ ሁለት ቀን አረንጓዴ ማለት ይጀምራል። የመስኮቱን ደግሞ ፊቱን ወደ ክፍሉ አዙሩት፤ ተመልሶ ወደ መስታወቱ ያጎነብሳል። የተፈጥሮ ተመራማሪው ቻርልስ ዳርዊን ከልጁ ከፍራንሲስ ጋር ይህን ሞክሮ በ1880 እ.ኤ.አ. አሳትሞታል። የሣር ቡቃያ ጫፍ ላይ ብርሃን የማያስገባ ቆብ ሲያጠልቁለት አልጎበጠም። ብርሃኑን የሚያየው ጫፉ ነበር።

የሶሲ እናት፦ ሐሙስ ማታ ነው። ያወጣነው ጫፉ አረንጓዴ ብሏል፤ ክፍል ውስጥም ተሻምተው አዩት አሉ። አሁን ደግሞ ሽንኩርት ቁም ሳጥን ካልከተትኩ ብላለች። ልብሴ መሃል!