በጉተታ የወጣ ጥጃ ይተነፍሳል፣ ግን አይነሳም

አዲስ አርቢ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጊደር ስትወልድ ምጡ ረዝሞ ጥጃው በጉተታ ከወጣ በኋላ ይተነፍሳል፤ ግን በጎኑ እንደተዘረጋ ይቀራል። ምላሱ አብጦ ከአፉ ወጥቷል፣ ጸጉሩም ቢጫ ነክቶታል። ቀድሞ ምን ይደረጋል? በኋላ እግሩ መስቀልስ ይጠቅማል? አልጠባ ሲል እንገሩን አፉ ውስጥ ማንቆርቆር ይቻላል?

በረት ጠባቂ፦
አትስቀለው። ተሰቅሎ ከአፍና ከአፍንጫው የሚወርደው ፈሳሽ አብዛኛው ከሳንባ ሳይሆን ከጨጓራ የሚመጣ ነው። ሆድ ዕቃው ወደ ደረቱ ወርዶ ድያፍራሙን (ደረትና ሆድን የሚለየውን የመተንፈሻ ጡንቻ) ስለሚጫነው ያችኑ የጀመራትን ትንፋሽ ታሳጣዋለህ።

ይልቅ በደረቱ አስቀምጠው። የፊት እግሮቹን ከሥሩ እጠፍ፣ የኋላዎቹን በግራና በቀኝ ወደ ፊት ሳብ፤ ልክ እንደ እንቁራሪት። በጎኑ ሲተኛ የታችኛው ሳንባ ተጨፍልቆ አየር አይገባበትም፣ እንዲህ ሲቀመጥ ሁለቱም ይከፈታሉ። አፍና አፍንጫውን በጣትህ ጥረግለት፤ ከዚያ ንጹሕ ገለባ አፍንጫው ውስጥ ጥቂት አስገብተህ አዙር። ሲያስነጥሰው በረጅሙ አየር ይስባል። ቀዝቃዛ ውሃ ጆሮው ውስጥ ጠብ ማድረግም ያስደነግጠዋል፤ ገላውን ግን አታርስበት። ቀጥለህ በደረቅ ጆንያ ጀርባውን አጥብቀህ እሸው።

በአፍህ እፍ አትበልበት። ብሩሴሎሲስ (ከብት የሚያስወርድ በሽታ) በሽርት ውሃና በእንግዴ ልጅ በኩል ወደ ሰው ይተላለፋል። ጓንትም አይለይህ።

የከብት ሐኪም፦
በረት ጠባቂ ያለው ትክክል ነው። እኔ የምጨምረው ጥጃው እንደወጣ ሰዓት ያዝ የሚለውን ነው። ትንፋሽ በ1 ደቂቃ ውስጥ መጀመር አለበት። ጤነኛ ጥጃ ወዲያው ጭንቅላቱን ቀና ያደርጋል፣ በ5 ደቂቃ ገደማ ራሱን ችሎ በደረቱ ይቀመጣል። 15 ደቂቃ አልፎት ካልተቀመጠ አደጋ ላይ ነውና ሐኪም ይጠራ። በ1 ሰዓት ገደማ መቆም፣ በ2 ሰዓት ውስጥ መጥባት ይጠበቅበታል።

ይተነፍሳል ብለህ አትዘናጋ። ምጥ ላይ እትብቱ ሲጨመቅ ኦክስጅን ያጥረዋል፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ላክቲክ አሲድ ደሙ ውስጥ ይጠራቀማሉ። ደሙ አሲዳማ የሆነ ጥጃ ይዝላል፤ የመጥባት ፍላጎቱም ይጠፋል። ቢጫው ገና ማኅፀን ውስጥ ሳለ ተጨንቆ ያራው ነው። የምላሱ እብጠት ደግሞ ጭንቅላቱ ወጥቶ ቀሪው አካል ተይዞ ሲቆይ የሚመጣ ነው፤ ቀስ በቀስ ይጎድላል፣ እስከዚያ ግን በደንብ አይጠባም።

ጣትህን አፉ ውስጥ አስገባ፤ ካልሳበ ደካማ ነው። በሁለቱ ሰኮናዎቹ መካከል ቆንጥጠው፣ እግሩን ካልሰበሰበ ደግሞ የባሰ ነው። ድዱ ሮዝ መሆን አለበት፤ ተጭነህ ስትለቀው ቀለሙ በ2 ሰከንድ ካልተመለሰ ደሙ በደንብ እየተዘዋወረ አይደለም። የልብ ምቱን ከግራ ክርኑ ኋላ ቁጠር፦ በደቂቃ ከ100 እስከ 150 ደህና ነው፣ ከ80 በታች መጥፎ ምልክት። ጎድኑንም ዳስስ። በኃይል የተጎተተ ጥጃ ጎድኑ ሊሰበር ይችላል፤ ሲነካ የሚያቃስት ከሆነ እዚያ ቦታ ማሸት ይቅር።

ወተት ቤት፦
እንገሩን ማንቆርቆር በፍጹም! መዋጥ የማይችል ጥጃ ወደ ሳንባው ይስበውና በሳንባ ምች ይሞታል። ካልሳበ ጡጦም አይሰጠውም።

መጀመሪያ ሙቀቱን በፊንጢጣው ለካ። ከ38.5 እስከ 39.5 ዲግሪ ደህና ነው። ከ38 በታች ከሆነ ማድረቅና ማሞቅ ይቀድማል፤ ከ36 በታች ከሆነ እስከ አንገቱ ከ38 እስከ 40 ዲግሪ በሆነ ውሃ ውስጥ ይዘህ ታሞቀዋለህ። ጭንቅላቱን ሰው ይደግፍ፤ ሲወጣ ደግሞ እስከ ሥሩ ይድረቅ። ሰውነቱ የቀዘቀዘ ጥጃ አንጀቱም ስለሚደክም የሰጠኸውን በደንብ አይጠቀምበትም።

መጠኑ የክብደቱ አንድ አሥረኛ ነው፤ ለ35 ኪሎ ጥጃ 3.5 ሊትር። በመጀመሪያዎቹ 2 ሰዓታት ቢሆን ይመረጣል፣ ከ6 ሰዓት ግን አይለፍ፤ አንጀቱ የእንገሩን መከላከያ የመሳብ አቅሙ በየሰዓቱ እየቀነሰ በ24 ሰዓት ገደማ ይዘጋል። ለደካማው ሁለት ጊዜ ከፍሎ መስጠት ይሻላል። እንገሩን እሳት ላይ አትጣደው፤ ዕቃውን ሙቅ ውሃ ውስጥ አስቀምጠህ ወደ 39 ዲግሪ አድርሰው።

በቱቦ የሚሰጠው የሠለጠነ ሰው ብቻ ነው። ቱቦው ከአፍንጫው ጫፍ እስከ ክርኑ ይለካል፣ ጥጃው በደረቱ እንደተቀመጠ በምላሱ ላይ ቀስ ብሎ ይገባል። አንገቱን በእጅህ ስትዳስስ ሁለት ነገር ሊሰማህ ይገባል፦ ቀለበት ቀለበት ያለው ጠንካራው የአየር ቧንቧና ከጎኑ ያንተ ቱቦ። አንድ ብቻ ከተሰማህ ሳንባ መንገድ ላይ ነህ፣ አውጣው። ጨርሰህ ስታወጣ ቱቦውን ቆልምመህ ያዝ፤ የቀረችው ጠብታ ጎሮሮው ላይ እንዳትወርድ።

አዲስ አርቢ፦
እግዜር ይስጥልኝ። እትብቱስ? እናቱስ መቼ ትቅረበው?

በረት ጠባቂ፦
እትብቱን 7 በመቶ አዮዲን ውስጥ ሙሉ በሙሉ ንከረው፤ መቀባት አይበቃም። እናቱን አታርቅበት። ትንፋሹ እንደተስተካከለ አፍንጫዋ ሥር አስጠጋላት፤ መላሷ ከጆንያው ይበልጣል።